ከጋፋት እስከ መቅደላ

በተማሪዎች መካከል የዐፄ ቴዎድሮስ ስም በተነሣ ቍጥር ክርክሩ በየት በኩል እንደሚሄድ አስቀድሞ የታወቀ ነው። አንዱ ወገን ጀግንነታቸውንና አገር አንድ ለማድረግ የነበራቸውን ሐሳብ ያነሣል፤ ሌላው ወገን የተቃጠለችውን ጎንደርንና ከገደል የተወረወሩትን እስረኞች ይቈጥራል፤ በመጨረሻም ሁለቱ ወገኖች በመቅደላ አምባ በተተኰሰችው ሽጉጥ ዘንድ ይገናኙና ነገሩ በዝምታ ያበቃል። እኛም በዚሁ ክርክር ውስጥ ገብተን ስንጮህ ያመሸንበት ጊዜ ብዙ ነው። ነገር ግን ስለ ሽጉጧ ይህን ያህል ስንነጋገር ስለ መንገዱ አንድም ቀን ተነጋግረን አናውቅም። መንገዱ ስንል ዐፄ ቴዎድሮስ በዘመናቸው መጨረሻ ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ ተራራ እያስናዱ ገደል እያስሞሉ ያሠሩትን ማለታችን ነው። ለእኛ እንደሚመስለን የእኒህን ሰው አእምሮ ከሽጉጧ ይልቅ መንገዱ ይበልጥ ይገልጠዋል። ስለዚህ ሕይወታቸውን ከመጀመሪያው ጀምረን በአጭሩ እንተርካለን፤ ከጋፋትና ከመንገዱ ስንደርስ ግን ጥቂት እንቈያለን።

ካሣ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ተወለደ። አባቱ ከቋራ ገዦች ወገን ነበሩ። እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ ግን ከባላቸው ሞት በኋላ ችግር ላይ ወድቀው ነበርና ጠላቶቹ ንጉሥ ከሆነም በኋላ የኮሶ ሻጭ ልጅ እያሉ ያሙት ነበር። ልጁ ፊደል ይቈጥር ዳዊትም ይደግም ዘንድ በጎንደርና በጣና መካከል ወደነበረው ወደ ጨንከር ተክለ ሃይማኖት ገዳም ተሰጠ። የዘመነ መሳፍንት ጦርነት ግን ገዳምና ሰፈር አይለይም ነበር፤ ገዳሙ ተወረረ፣ ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ ሲያልቁ ካሣ አመለጠ። ከዚያ በኋላ ወደ ዘመዱ ወደ ደጃዝማች ክንፉ ቤት ሄዶ የጦር ሙያ ተማረ። ክንፉ ሲሞቱ ግን አገሩ የራስ ዐሊ እናት የእቴጌ መነን ሆነ፤ ለካሣ የተረፈለት ነገር ስላልነበረ ወደ ቋራ ቈላ ወርዶ ሸፈተ።

በሽፍትነቱ ጊዜ ከነጠቀው ገንዘብ ለድኾች ገበሬዎች የእርሻ መሣሪያ መግዣ ይሰጥ ነበር፣ ራሱም ከተከታዮቹ ጋራ መሬት ይቈፍር ነበር እየተባለ ይነገራል። አድናቂዎቹ አሳምረውት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ኋላ ንጉሥ ሆኖ ከሠራው ሥራ ጋራ ስናስተያየው ታሪኩ እንግዳ አይሆንብንም። የጎደለ ነገር ሲያይ ሌላ ሰው እስኪያመጣለት የሚቀመጥ ሰው አልነበረም።

ትልቁን ትምህርት ያገኘው ከድል ሳይሆን ከሽንፈት ነው። በ1840 ዓ.ም. ካሣ ጭፍራውን ይዞ ወደ ሱዳን ጠረፍ ወረደና ደባርቂ በተባለ ስፍራ ከግብፅ ጦር ጋራ ገጠመ። ግብፆቹ ቍጥራቸው ከሱ ሰዎች ያነሰ ነበር፤ ዳሩ ግን ምሽግ ሠርተው፣ መድፍ ጠምደው፣ በትእዛዝ የሚንቀሳቀስ ወታደር አሰልፈው ጠበቁት። የካሣ ሰዎች እንደ ልማዳቸው በጀግንነት ወደ ምሽጉ ሮጡ፤ መድፉም አጨዳቸው። በዚያ ዘመን ከነበሩት መሳፍንት አብዛኛዎቹ እንዲህ ያለ ነገር ቢደርስባቸው ዕድላቸውን ወይም የመድኃኒት ጥንቈላን ባሳበቡ ነበር። ካሣ ግን ያሸነፈው ምን እንደ ሆነ ጠየቀ፤ መልሱንም ሳይሸሽ ተቀበለው። ያሸነፈው መድፍና ሥርዐት ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ እስከ ሞቱ ድረስ ሁለቱን ሲፈልግ ኖረ። መድፉን በመጨረሻ አገኘው፤ ሥርዐቱን ግን ይዞ ሊያቈየው አልቻለም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ፈጥነን እናልፈዋለን፤ ሁላችንም በትምህርት ቤት ያነበብነው ነውና። የራስ ዐሊን ልጅ ተዋበችን አገባ፤ ቢሆንም ከአማቱ ጋራ ሰላሙ አልዘለቀም። በኅዳር 1845 ዓ.ም. ደጃዝማች ጎሹን በጉር አምባ፣ በዚያው ዓመት በሰኔ ራስ ዐሊን በአይሻል አሸነፈ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደግሞ የሰሜኑንና የትግሬውን ገዥ ደጃዝማች ውቤን በደረስጌ ድል አድርጎ፣ ውቤ ለራሳቸው ንግሥ ባሠሩት በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀባ፤ ስመ መንግሥቱም ቴዎድሮስ ተባለ።

ንጉሡ በነገሡ ጊዜ የጠበቃቸው ችግር ብዙ ነበር፤ ከሁሉም የከፋው ግን ወታደር ነው። በዚያ ዘመን ወታደር ደመወዝ አልነበረውም፤ ከገበሬው ቤት ይመራል፣ የገበሬውን እህል ይበላል፣ ሲሄድም ያገኘውን ይዞ ይሄዳል። ወታደር በበዛ ቍጥር ገበሬው ይደኸያል፤ ገበሬው በደኸየ ቍጥር ይሸፍታል፤ ሽፍታውን ለማጥፋት ደግሞ ሌላ ወታደር ያስፈልጋል። ዐፄ ቴዎድሮስ ይህን ክብ ከአንድ ቦታ ሊቈርጡት አሰቡ። ወታደሩን በዐሥር አለቃ፣ በኀምሳ አለቃ፣ በመቶ አለቃና በሺህ አለቃ ከፈሉት፤ ከልዩ ልዩ አገር የመጡትንም በአንድ ክፍል አደባልቀው ወታደሩ የየባላባቱ ሎሌ መሆኑ ቀርቶ የንጉሡ እንዲሆን ሞከሩ። ደመወዝ ሊሰጡትና ዝርፊያን ሊከለክሉም ፈለጉ። ሐሳቡ እጅግ ትክክለኛ ነበር። ነገር ግን ደመወዝ ከየት ይመጣል? ግብር የሚሰበስብ አስተዳደር ገና አልተሠራም ነበር። ዘመቻው በረዘመ ቍጥር ግምጃ ቤቱ ባዶ እየሆነ ሄደና የንጉሡ ጦር ራሱ ገበሬውን ወደ መብላት ተመለሰ።

አሁን ወደ ጋፋት እንምጣ።

ጋፋት ከደብረ ታቦር አጠገብ ያለች ትንሽ ኰረብታ ናት። የኢየሩሳሌሙ ጳጳስ ሳሙኤል ጎባት በስዊስ አገር ከባዝል ከተማ አጠገብ ካለው ከቅዱስ ክሪሾና የተማሩ ወጣቶችን ወደ ኢትዮጵያ ላኩ፤ ዋልድማየር፣ ዛልሙለር፣ ቤንደር፣ ማየርና ሌሎችም ነበሩበት። እነዚህ ሰዎች የእጅ ሙያ ያላቸው የወንጌል ሰባክያን ነበሩ፤ የመጡትም መጽሐፍ ቅዱስ ይዘው ነው። ንጉሡ ግን ከመጽሐፉ ይልቅ እጃቸውን ተመለከቱ። በጋፋት አስፍረው፣ መሬትና ሚስት ሰጥተው በመጀመሪያ መንገድ፣ ኋላም ጠመንጃ መጠገንና ሠረገላ መሥራት አዘዟቸው። በመጨረሻ መድፍ እንዲያፈሱላቸው ጠየቁ። ሰዎቹ ይህን ሥራ ፈጽሞ እንደማያውቁት ተናገሩ፤ እውነታቸውንም ነበር። ከመካከላቸው መድፍ ሲፈስ ያየ እንኳ አልነበረም።

ንጉሡ እንቢታውን አልተቀበሉም፤ በማባበልም በግድም ሥራውን አስጀመሯቸው። እኛ የዛሬ ተማሪዎች በቤተ ሙከራ አንዲት ብርጭቆ ስትሰበር ትምህርቱን ለሚመጣው ዓመት የምናሳድር ሰዎች ስለ ሆንን ይህን ክፍል ስናነብ ጥቂት ማፈራችን አልቀረም። ነሐስ የሚቀልጠው ከ900 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ነው። ለአንድ ዋንጫ ወይም ለአንድ ጸናጽል የሚሆነውን የአገራችን ሠራተኞች ከጥንት ጀምሮ በወናፍና በከሰል ያቀልጡት ነበር። መድፍ ግን ሌላ ነገር ነው። ነሐሱ ሁሉ በአንድ ጊዜ መቅለጥ አለበት፤ ቅርጹ ውስጥ ሲፈስም ማቋረጥ የለበትም፤ ካቋረጠ መጀመሪያ የፈሰሰውና ኋላ የፈሰሰው ሳይዋሐዱ ይቀርና መድፉ በመጀመሪያው ተኵስ ይፈነዳል። ቅርጹ ውስጥ እርጥበት ካለ ደግሞ እንፋሎቱ ያፈነዳዋል። ስለዚህ አስቀድሞ ሙቀቱን የሚችል ጡብ ማግኘት፣ በዚያም ጡብ ትልቅ ምድጃ መሥራት፣ ቅርጹንም ለብዙ ጊዜ ማድረቅ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። እንደ ገና ተሞከረ። ንጉሡ በሽንፈቱ ጊዜ አለመቈጣታቸውና ሙከራው እንዲደገም ማዘዛቸው ከሁሉ የሚያስደንቀን ነገር ነው፤ በሌላ ጕዳይ ለቍጣ እጅግ የፈጠኑ ሰው ነበሩና። ብረትና እሳት ሲበድሏቸው ታገሡ፤ ሰው ሲበድላቸው ግን አልታገሡም።

በጋፋት ከሰባክያኑ ሌላ ሞሪስ ሆል የተባለ ከፖላንድ የመጣ ሰውና ቡርጎ የተባለ ፈረንሳዊ ጠመንጃ ሠሪም ነበሩበት፤ ከነሱም ጋራ ብዙ ኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ነበሩ። የኢትዮጵያውያኑን ስም አብዛኛውን ማንም ጽፎ አላቈየልንም። ከትንንሽ መድፎች ተጀምሮ እያደገ ሄደና በ1859 ዓ.ም. ገደማ ሴባስቶፖል የተባለው ታላቅ መድፍ ፈሰሰ። ክብደቱ 7 ቶን ያህል ነው። ስሙ የተወሰደው እንግሊዞችና ፈረንሳዮች ከቱርኮች ጋራ ሆነው በክሪምያ ጦርነት ከከበቡት ከመስኮቡ የጦር ወደብ ነው፤ ከተማው የወደቀው ንጉሡ በነገሡበት በዚያው ዓመት በ1847 ዓ.ም. መጨረሻ ነበርና ወሬውን እንደ ሰሙ አያጠራጥርም።

ይህ ሁሉ እየሆነ ሳለ ግን አገሪቱ ከንጉሡ እጅ እየወጣች ነበር። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ እኛ አንዱን ብቻ እንጥቀስ። ግምጃ ቤቱ ባዶ ስለ ሆነ ንጉሡ ዓይናቸውን ወደ ቤተ ክርስቲያን መሬት መለሱ። ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃዋል የሚል ሐሳብ አቀረቡ፤ ከዚያ የተረፈው መሬት ግብር ለሚከፍል ገበሬ እንዲሰጥ ፈለጉ። በወረቀት ላይ ብናየው የወታደሩን ደመወዝ ችግር የሚፈታ ብልህ መላ ነው። ዳሩ ግን ካህኑ በየደብሩ የሕዝቡ ነፍስ አባት መሆኑን፣ ቃሉም ከንጉሡ ዐዋጅ ይልቅ ወደ እያንዳንዱ ጎጆ የሚደርስ መሆኑን ያሰቡበት አይመስልም። ካህናቱ አኰረፉ፤ ከአቡነ ሰላማም ጋራ ተጣሉ፤ አቡኑ በመቅደላ ታስረው ቈይተው እዚያው ሞቱ። ከዚያ በኋላ በየአውራጃው የሸፈተው ሁሉ የቤተ ክርስቲያን ጠበቃ ነኝ ለማለት ቻለ።

ሌላም ነገር አለ። እቴጌ ተዋበች በ1850 ዓ.ም. ሞቱ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ፕላውደንና ወዳጃቸው ጆን ቤል ተገደሉ። ለንጉሡ እንቢ ለማለት ወይም ቍጣቸውን ለማብረድ ይችሉ የነበሩት ሰዎች በአጭር ጊዜ ውስጥ አለቁ ማለት ነው። ብቻውን የሚያስብ ሰው ምንም ብልህ ቢሆን ጥያቄውን ራሱ አቅርቦ ራሱ ይመልሳል፤ ጥያቄው የተሳሳተ እንደ ሆነ የሚነግረው አይኖርም።

የእንግሊዝ ጕዳይም ከዚሁ ይያያዛል። ንጉሡ በ1855 ዓ.ም. ወዳጅነት ፈልገው ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ፤ ደብዳቤው ለንደን ደርሶ ያለ መልስ በመሥሪያ ቤት ተቀመጠ። አንድ ጸሐፊ ተቀምጦ ሁለት መስመር ቢጽፍ ኖሮ ስንት ነገር በቀረ! መልሱ በዘገየ ጊዜ ንጉሡ በጥር 1856 ዓ.ም. ቆንስሉን ካሜሮንንና ሌሎችንም አውሮጳውያን አሰሩ። ቈይቶ መልእክተኛው ራሳም መልስ ይዞ ቢመጣም እሱም እስረኛ ሆነ። ከዚያም በ1858 ዓ.ም. ፍላድ የተባለውን ሰባኪ ወደ እንግሊዝ ልከው የእጅ ሙያ ያላቸው ሰዎችና መሣሪያ ይላክልን ብለው ጠየቁ። የሚያስገርመው እንግሊዞች እሺ ብለው ሠራተኞቹን ከነመሣሪያቸው እስከ ምፅዋ ላኩ፤ ነገር ግን እስረኞቹ ሳይፈቱ ወደ ውስጥ እንዳይገቡ ከለከሉ። ሠራተኞቹ በምፅዋ ሙቀት ወራት ጠብቀው ተመለሱ። ንጉሡ በሕይወታቸው ሙሉ የፈለጉት ነገር ከባሕሩ ዳር ቆሞ ነበር፤ ለማስገባት የሚያስፈልገው ጥቂት እግር ብረት መፍታት ብቻ ነበር። ንጉሡ ግን እስረኛን እንደ መያዣ ስለ ቈጠሩት ቢለቁት እጃቸው ባዶ የሚቀር መሰላቸው። እኛ ከንጉሡ ስሕተት ሁሉ ይህን አንዱን ስናነብ መጽሐፉን አስቀምጠን ተነሥተን እንቀመጣለን።

በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ላይ የንጉሡ ግዛት በደብረ ታቦርና በመቅደላ ዙሪያ ብቻ ቀርቶ ነበር። ምኒልክ በሰኔ 1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው በሸዋ ነግሠዋል፤ ላስታና ዋግ በዋግሹም ጎበዜ እጅ ነው፤ ትግሬን ደጃዝማች ካሣ ምርጫ ይዘዋል። ጎንደርን ንጉሡ ራሳቸው በ1859 ዓ.ም. አቃጥለዋታል። በዐሥር ሺዎች ይቈጠር የነበረው ጦር በየሌሊቱ እየከዳ ወደ ጥቂት ሺዎች ወርዷል። እንግሊዝ ጦር እንደምትልክም ተሰምቷል። እንግዲህ ንጉሡ ወደ መቅደላ አምባ ለመግባት ወሰኑ፤ መድፎቻቸውን ግን ትተው ሊሄዱ አልፈለጉም። በመስከረም መጨረሻ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ተነሡ።

ከደብረ ታቦር መቅደላ ለእግረኛ የጥቂት ቀን መንገድ ነው። ለሴባስቶፖል ግን መንገድ አልነበረም። በአገሪቱ ውስጥ መንኰራኵር የሚሄድበት መንገድ ከቶ አልነበረም ለማለት ይቻላል፤ በቅሎና አህያ የሚያልፉባት ቀጭን መንገድ ናት ያለችው። በመካከል ደግሞ የጅጣና የበሽሎ ወንዞች ሸለቆዎች አሉ፤ ከደጋው ጫፍ እስከ ወንዙ ከ1000 ሜትር በላይ የሚወርዱ ገደሎች ናቸው። እነዚህን ሸለቆዎች በመኪና ያቋረጠ ጓደኛ ያለው ሁሉ ጠይቆ ይረዳ።

ንጉሡ ያደረጉት እንዲህ ነው። ከመድፎቹ በፊት መንገድ ጠራጊዎች ይሄዳሉ፤ ድንጋዩ በእጅ ይለቀማል፣ ዛፍ ይቈረጣል፣ አለቱ በባሩድ ይፈነዳል፣ በገደሉ ጥግ ደግሞ ቍልቍለቱን ለማለዘብ ካብ ይካባል፣ መንገዱም እየተጠማዘዘ ይወርዳል። መድፎቹ የጋፋት ሰዎች በሠሯቸው ሠረገሎች ላይ ተጭነዋል። ሴባስቶፖልን ለመጐተት ወደ 500 ሰው ይመደብ ነበር፤ በዳገት ላይ ከፊት በጠፍር ይስባሉ፣ በቍልቍለት ላይ ከኋላ ሆነው ይይዛሉ። አንድ ቀን ሙሉ ተለፍቶ ሠፈሩ ከትናንትናው ሠፈር ብዙም ሳይርቅ ይመሻል። ንጉሡም ከሁሉ በፊት ይነሡ ነበር፤ ልብሳቸውን ሰብስበው ድንጋይ ያነሣሉ፣ አፈር ይዝቃሉ፤ እሳቸው ሲሠሩ መኳንንቱ ቆሞ ለማየት አልቻለም። መሬት መቈፈርና ድንጋይ መሸከም ነውር በነበረበት ዘመን የዘውድ ባለቤት ይህን ማድረጉ በራሱ ትልቅ ነገር ነው። ዙሪያውን ሽፍታ ከቧቸው፣ ስንቅ ጐድሏቸው፣ ሰው እየከዳቸው በጋይንት አድርገው ዋድላን ተሻግረው፣ ጅጣን ወርደው ወደ ደላንታ ወጥተው፣ በሽሎንም አልፈው በመጋቢት 1860 ዓ.ም. መቅደላ ደረሱ። ስድስት ወር ያህል ፈጅቷል። አንድም ትልቅ መድፍ በመንገድ አልቀረም።

ከእንግሊዞች ጋራ የመጡ የጦር መሐንዲሶች ይህን ሥራ አይተው አደነቁ። ሆኖም መንገዱ በሚሠራበት ጊዜ ሠራዊቱ የሚበላው በመንገዱ ግራና ቀኝ ያለውን ገበሬ እህል እንደ ነበር መርሳት አይገባንም። መንገዱ ባለፈበት ሁሉ ጎተራ ባዶ ሆነ። የዋድላና የደላንታ ሰው ይህን መንገድ እንደ ብልሃት ሳይሆን እንደ አንበጣ ነው ያየው።

አሁን በሌላው በኩል የሚመጣውን ሰው እንመልከት። የእንግሊዝ ጦር አዛዥ ሮበርት ናፒር ራሱ መሐንዲስ ነበር፤ ያደገው በቤንጋል የመሐንዲሶች ጦር ውስጥ ነው። ከሕንድ አገር 13,000 ያህል ወታደር ይዞ በዙላ ወረደ። ውሃ በሌለበት የባሕር ዳር ከመርከቦቹ የባሕር ውሃ እያተነነ ለጦሩ አጠጣ፤ የመርከብ መቆሚያ ሠራ፤ ወደ 18 ኪሎ ሜትር የሚሆን የባቡር ሐዲድ ዘረጋ፤ ለከባድ መድፎቹ 44 ዝሆኖች አመጣ። ከባሕር እስከ መቅደላ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የናፒር ትልቁ ብልሃት ግን ዝሆኑም ባቡሩም አይደለም። ከቪየና የማርያ ቴሬዛ ብር አስመጥቶ ለገዛው እህልና ድርቆሽ ሁሉ በጥሬ ብር ከፈለ። ከደጃዝማች ካሣ ምርጫ ጋራ ተገናኝቶ ወዳጅነት አደረገ፤ ዋግሹም ጎበዜም አልተቃወመውም። ገበሬውም እህሉን በገበያ ዋጋ ለመጻተኛው ሸጠ። በደመወዝና በግዢ የሚኖር፣ ገበሬን የማይዘርፍ ጦር የዐፄ ቴዎድሮስ የወጣትነት ሕልም ነበር፤ በኢትዮጵያ መሬት ላይ ሲሄድ የታየው ግን የጠላታቸው ጦር ሆኖ ነው። እርግጥ ነው፣ ናፒር የሀብታም መንግሥት ግምጃ ቤት ነበረው፤ ዘመቻው 9 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል ፈጅቷልና ሁለቱን ሰዎች በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል።

ናፒር ከሰሜን መጥቶ ዋድላ ደጋ ላይ ሲደርስ ከፊቱ የጅጣን ገደል አየ። ዝሆንና መድፍ በዚያ ገደል ማውረድ ለማንም አዛዥ ራስ ምታት ነው። ነገር ግን እዚያው ሲደርስ አንድ የተጠረገ፣ የተካበ፣ በጥንቃቄ ቍልቍለቱ የተለካ ሰፊ መንገድ ተዘርግቶ ጠበቀው። የዐፄ ቴዎድሮስ መንገድ ነበር። የእንግሊዝ ጦር በንጉሡ መንገድ ጅጣን ወረደ፣ በንጉሡ መንገድ ወደ ደላንታ ወጣ፣ በንጉሡ መንገድ ወደ በሽሎ ወረደ።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በስቅለት ዕለት፣ ከመቅደላ በታች ባለው በአሮጌ ሜዳ ውጊያ ሆነ። በዋዜማው ንጉሡ በቍጣ ላይ ሳሉ ብዙ እስረኞችን ከገደል አስወርውረው ነበር፤ ማታ ላይ እንደ ተጸጸቱ ይነገራል። በውጊያው ፊታውራሪ ገብርዬ ጦሩን እየመራ ወደ ሜዳው ወረደ። ያ ሁሉ የተለፋበት መድፍ የረባ ነገር አልሠራም፤ ከትልልቆቹ አንዱ ባሩዱ በዝቶበት በመጀመሪያው ተኵስ ፈነዳ። እንግሊዞች የያዙት ከኋላ የሚጐርሰውን ስናይደር ጠመንጃ ነው፤ ፈጥኖ ይተኵሳል፣ ሩቅም ይደርሳል። ከንጉሡ ሰዎች 700 ያህል ሞቱ፤ ገብርዬም ከነሱ ጋራ ወደቀ። ከእንግሊዞች 20 ያህል ቈሰሉ፤ ከነሱም የሞቱት ሁለት ብቻ ናቸው። ደባርቂ ከሃያ ዓመት በኋላ ተደገመ ማለት ነው። ንጉሡ ባለፈው ጦርነት ያሸነፋቸውን መሣሪያ በብዙ ድካም ሠርተው ነበር፤ ዘመኑ ግን ሌላ መሣሪያ ይዞ መጣ።

ከዚያ በኋላ አውሮጳውያኑን እስረኞች ሁሉ ለቀቁ። ቀደም ብሎ ቢሆን ኖሮ የምፅዋዎቹን ሠራተኞች ያስገባላቸው የነበረውን ሥራ በሁለት ቀን ፈጸሙት። ሚያዝያ 6 ቀን እንግሊዞች የአምባውን በር ሰብረው ሲገቡ ዐፄ ቴዎድሮስ በገዛ እጃቸው ሞቱ።

የጋፋት ሰዎች ከነቤተሰባቸው ከእንግሊዝ ጦር ጋራ ወጡ። ዋልድማየር ሊባኖስ ገብቶ በብሩማና ትምህርት ቤት ከፈተ፤ ሞሪስ ሆል በያፋ ተቀመጠ። እንግሊዞች በአምባው ካገኟቸው መድፎች አብዛኛውን ሰባበሩ፤ ሴባስቶፖል ግን ከክብደቱ የተነሣ እዚያው መቅደላ ቀረ፣ ዛሬም አለ። አዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ የምናየው አምሳያው ነው።

በመቅደላ ንጉሡ ሊያሠሩት ላሰቡት የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ከየአገሩ የሰበሰቧቸው የብራና መጻሕፍት፣ መስቀሎችና ጽዋዎች ነበሩ። እንግሊዞች እነዚህን በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ጭነው ከአምባው አወረዱ። ጭነቱ በሽሎን በንጉሡ መንገድ ተሻግሮ ደላንታ ሜዳ ላይ ሲደርስ አራገፉትና ለሁለት ቀን በሐራጅ ተሸጠ።